ፎቶግራፍ የመሰከረለት የውሃ መርዝ

ብዙዎቻችን ፎቶግራፍ የምንነሣው ለመታወቂያ ወይም ለሠርግ ነው። ፎቶግራፍ ግን ሌላም ሥራ አለው። በሰው ላይ የደረሰን ጉዳት ያሳያል፤ ምስክር ይሆናል። በጃፓን አገር የሆነውን እንመልከት። ዓመቶቹ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሚናማታ በደቡብ ጃፓን የምትገኝ የባሕር ዳር ከተማ ናት። በአካባቢዋ ብዙ ሰው ዓሣ እያጠመደ ይኖር ነበር። በከተማዋ ቺሶ የሚባል ኩባንያ ፋብሪካ ነበረው። ፋብሪካው ከ1932 እስከ 1968 ድረስ ባዜቃ ወይም ሜርኩሪ የተባለ መርዝ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ለቀቀ።

መርዙ በዓይን አይታይም። ዓሣው ውስጥ ግን ይጠራቀማል። ዓሣውን የበሉ ድመቶች እየተንዘፈዘፉ ሞቱ። ቀጥሎ ሰዎች ታመሙ። እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ አንደበታቸው ተሳሰረ፤ ዓይናቸው ፈዘዘ። ብዙዎችም ሞቱ። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 ነው። ያረገዘች ሴት ዓሣውን ስትበላ መርዙ ወደ ፅንሱ ያልፋል። ስለዚህ እናቲቱ ደኅና መስላ ሳለ ልጇ ተጎድቶ ይወለዳል።

በ1971 ዩጂን ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ከባለቤቱ ከአይሊን ጋር ወደ ሚናማታ ሄደ። ሦስት ዓመት ያህል በዚያው ኖረው የበሽተኞቹን ኑሮ በፎቶግራፍ አነሡ። በ1972 የኩባንያው ሰዎች ስሚዝን ደበደቡት፤ ዓይኑም ተጎዳ። እሱ ግን ሥራውን አልተወም።

ከፎቶግራፎቹ አንዱ በዓለም ታወቀ። አንዲት እናት ልጇን አቅፋ ገላዋን ታጥባታለች። ልጅቱ ስትወለድ ጀምሮ በመርዙ የተጎዳች ናት። እጅና እግሯ አይታዘዛትም። እናቷ ግን ፊቷን በፍቅር ታያለች። ፊደል ያልቆጠረም ሰው ይህን ሲያይ ነገሩ ይገባዋል።

ይሁንና ፎቶግራፍ ብቻውን ፍርድ አያመጣም። ሐኪሞች የበሽታውን ምንጭ መረመሩ። በሽተኞችና ቤተሰቦቻቸው ተባብረው ኩባንያውን ከሰሱ። በ1973 ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ኩባንያውም ካሣ እንዲከፍል ታዘዘ። በ2013 ብዙ አገሮች ባዜቃን ለመቆጣጠር የተፈራረሙት ውል በዚችው ከተማ ስም የሚናማታ ስምምነት ተባለ።

ከዚህ ምን እንማራለን? የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ውሃ ማፍላት ጀርሞችን ይገድላል፤ ባዜቃን ግን አያጠፋም። መፍትሔው መርዙን ከምንጩ ማስቆም ነው። ዓሣ ሞቶ ሲንሳፈፍ፣ ከብት ውሃ ጠጥቶ ሲሞት፣ ሰው ባልታወቀ በሽታ ሲታመም ዝም አንበል። ቀኑንና ቦታውን እንጻፍ፤ ለጤና ጣቢያም እናመልክት። ካሜራ ባይኖረን እርሳስ አለን።

ጥያቄዎች
1. መርዙ ከባሕር ወደ ሰው የደረሰው በምን በኩል ነው?
2. በሽተኞቹ እንዲፈረድላቸው ምን አደረጉ?
3. እናንተ የምትጠጡት ውሃ ከየት ይመጣል? ከበላዩስ ምን አለ?