ከቀለሙ በፊት ማጋጠሙን እንይ

የአንጎል ኤምአርአይ ምስሎች ለትንተና ሲመጡልኝ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ያው ነው፦ የታማሚዎቹ አንጎል ከጤነኞቹ የቱ ጋ ይለያል? ሐኪሙ የሚጠብቀው በቀይና በቢጫ የደመቀ ካርታ ነው። ከዚያ በፊት ግን አድካሚ ሥራ አለ፤ የአንዱን ሰው አንጎል ከሌላው ጋር ማጋጠም።

የሁለት ሰው አንጎል በመጠንም በእጥፋትም አይመሳሰልም። ስለዚህ እያንዳንዱን ምስል በአንድ የጋራ አብነት ላይ እናሳርፋለን። መጀመሪያ ምስሉን በሙሉ እናዞራለን፣ እናንሸራትታለን፣ እንለጥጣለን፣ እናዘማለን፤ ለዚህ 12 ቁጥሮች ይበቃሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱን ሥፍራ ለብቻው የሚስብና የሚገፋ ስሌት ይመጣል።

አብነቱ ራሱ የማን አንጎል ነው? በ1988 የታተመው የታላይራክና የቱርኑ አትላስ የተሠራው ከአንዲት የ60 ዓመት ፈረንሳዊት አስከሬን ነበር። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት የሞንትሪያል ኒውሮሎጂካል ኢንስቲትዩት አብነት የ152 ሰዎች ምስል አማካይ ነው፤ አብዛኞቹም ወጣቶች መሆናቸውን ልብ ይሏል። ሰው ሲያረጅ በፈሳሽ የተሞሉት የአንጎል ክፍተቶች ይሰፋሉ፤ በመርሳት ሕመም ደግሞ ይብሳል። ስሌቱ ይህን ስፋት ከወጣት አብነት ጋር ማጣጣም ሲያቅተው ፈሳሹ የአንጎል ሥጋ ሊኖር በሚገባው ቦታ ላይ ያርፋል። ታማሚዎቹን ከጤነኞቹ የሚያነጻጽረው ስታቲስቲካዊ ፍተሻም ሥጋው እዚያ ቦታ ላይ እንደሳሳ ይነግረናል። በሽታ ያልነካው ሥፍራ ተጎዳ ተብሎ የሚጻፈው እንዲህ ነው።

የቁጥሩ ብዛት ሌላ ፈተና ነው። በ2 ሚሊሜትር ጥራት አንጎል ውስጥ የሚያርፉት ቮክሴሎች፣ ማለትም የምስሉ ጥቃቅን ኪዩቦች፣ 230,000 ገደማ ናቸው። እያንዳንዱን በተለመደው 0.05 ወሰን ብንፈትን፣ አንዳች ልዩነት ባይኖርም 11,500 ያህሉ በአጋጣሚ ይደምቃሉ። ክሬግ ቤኔትና ባልደረቦቹ በ2009 ይህን ለማሳየት የሞተ ሳልመን ዓሣ ኤምአርአይ ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ አሳዩት፤ ለብዙ ፍተሻ ባልታረመው ስሌት የዓሣው አንጎል ሲሠራ ታየ። በ2016 ደግሞ ኤክሉንድ፣ ኒኮልስና ክኑትሰን የአንጎል ሥራን በሚያጠኑ ምስሎች ላይ የተለመዱ የስብስብ ፍተሻዎች፣ ማለትም ጎን ለጎን የደመቁ ቮክሴሎችን በአንድነት የሚፈትኑ ስሌቶች፣ 5 በመቶ ሊሆን የሚገባውን የሐሰት ግኝት እስከ 70 በመቶ ሊያደርሱት እንደሚችሉ አሳዩ።

እኔ የምመርጠው የዕጣ ፍተሻን ነው። «ታማሚ» እና «ጤነኛ» የሚለውን መለያ ደጋግመን በዕጣ እናቀያይራለን፤ እውነተኛው መለያ የሰጠው ውጤት ከዕጣዎቹ ጎልቶ ካልወጣ አንቀበለውም። ይህ ግን ከአጋጣሚ ያድናል እንጂ ከተዛባ ማጋጠም አያድንም። የታማሚዎቹ ምስል ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተዛባ ዕጣውም ያንኑ ስህተት ያጸድቀዋል። ከዚህ የሚጠብቀው እያንዳንዱን ምስል በአብነቱ ላይ ደርቦ በዓይን መመርመርና ለአረጋውያን ጥናት ከራሳቸው ምስል አብነት መሥራት ነው። ጊዜ ይፈጃል፤ ቢሆንም አይታለፍም።

የአንጎል ካርታ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ካጋጠማችሁ አብነቱ የማን እንደሆነ፣ ስንት ምስልም በዓይን ታይቶ እንደተጣለ አስቀድማችሁ ጠይቁት።