እናትን ሒሳብ መጠየቅ

ሴፕቴምበር 3 ቀን 2011 ቅዳሜ ነበር። (ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ዕለት የአውስትራሊያዋ የብረት ማዕድን ባለጸጋ ወይዘሮ ጂና ራይንሃርት ለልጆቻቸው ደብዳቤ ጻፉ። የልጆቹ አያት ላንግ ሀንኮክ ለልጅ ልጆቻቸው ያቆሙት ትረስት የሚያበቃው የመጨረሻዋ ልጅ ጂኒያ 25 ዓመት ሲሞላት ነበር፤ ይኸውም የሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 6። ደብዳቤው ድርሻቸው በዚያ ቀን ወደ እጃቸው ከገባ የሚከተለው ግብር ለኪሳራ እንደሚዳርጋቸው ያስጠነቅቅና፣ ቀኑ እንዲራዘም ተስማምተው እንዲፈርሙ ይጠይቃል። ቀኑ የተገፋው ወደ 2068 ነው። ያኔ ጂኒያ ከ80 ዓመት በላይ ይሆናታል።

እስቲ ራሳችሁን በልጆቹ ቦታ አድርጉ። ሦስት ቀን አላችሁ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ቅዳሜና እሑድ ናቸው። ግብሩን ያሰላው ማነው? ስሌቱ የት አለ? ያሰላው ባለሙያ የቆመው ለእናት ነው ለልጆች? የአያት ሰነድ ስለ ማራዘም ምን ይላል? ለእነዚህ መልስ ሳያገኝ የሚፈርም ሰው በጭፍን ይፈርማል፤ አልፈርምም የሚልም በጭፍን እምቢ ይላል። ከአራቱ ሦስቱ፣ ጆን፣ ቢያንካና ሆፕ፣ እናታቸውን ኒው ሳውዝ ዌልስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ጂኒያ ከእናቷ ጎን ቆመች።

ትረስት የእንግሊዝ ሕግ የወለደው አሠራር ነው። በእኛ አነጋገር ለማስረዳት አደራ ከሚለው የቀረበ ቃል አላገኘሁም። ሰጪው ንብረቱን ለባለአደራ ያስረክባል፤ ባለአደራው በስሙ ይዞ ያስተዳድራል፤ ጥቅሙ ግን የሌላ ሰው፣ የተጠቃሚው ነው። ተጠቃሚው በንብረቱ ላይ አይፈርምም። ባንክ ሄዶ ቢጠይቅ የሒሳቡ ባለቤት አይደለህም ይሉታል። የቀረችው አንዲት መንገድ ባለአደራውን “ሒሳቡን አሳየኝ” ማለት ናት። እሷ ከተዘጋች አደራ የሚለው ስም ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ንብረቱ ግን በተግባር የያዘው ሰው ነው።

የሀንኮክ ቤት ነገር ደግሞ ከዚህም የከበደ ነበር። ላንግ ሀንኮክ በምዕራብ አውስትራሊያ ፒልባራ በሚባለው ምድር የብረት ማዕድን ካስታወቁት ሰዎች ስማቸው ቀድሞ የሚነሳ ናቸው። ትረስቱን በ1988 አቁመው በሟች ሚስታቸው ሆፕ ማርጋሬት ስም ሰየሙት። ሀንኮክ ፕሮስፔክቲንግ ከተባለው የቤተሰቡ ኩባንያ አንድ አራተኛ የሚጠጋው ድርሻ በትረስቱ ስር ሆነ። እሳቸው በ1992 ሲያርፉ ልጃቸው ጂና ባለአደራ ሆኑ። ቀሪውን ሦስት አራተኛ ድርሻ የያዙት ግን እኚሁ ወይዘሮ ናቸው፤ ኩባንያውን የሚመሩትም እሳቸው። ኩባንያው ትርፍ ያከፋፍል ወይስ ያቆይ የሚለውን የሚወስኑ፣ የልጆቹን ድርሻ የሚጠብቁና ልጆቹን የወለዱ ሰው አንድ ነበሩ። እንግዲህ ልጅ ሒሳብ ልይ ሲል የሚጠይቀው ማንን ነው? ባለአደራዋን ነው ቢባልም የሚሰሙት እናት ናቸው፤ የሚቀየሙትም እናት።

የወይዘሮዋንም ወገን መስማት ይገባል። ጥፋት አልሠራሁም ይላሉ። ከአባታቸው የተረከቡት የተንገዳገደ ኩባንያ እንደነበርና ያቆሙት በራሳቸው ድካም እንደሆነ ደጋግመው ተናግረዋል። ድካማቸውን የሚክድ የለም። ነገር ግን ንብረቱን ማሳደግ ከሒሳብ ነጻ አያወጣም። አደራውን አሥር እጥፍ ያደረገ ሰውም ያሳደገውን ቆጥሮ ያሳያል፤ እንዲያውም ለማሳየት የሚያኮራ ነገር ያለው እሱ ነው።

ክርክሩ ሲጀመር ወይዘሮዋ ነገሩ ከሕዝብ ጆሮ እንዲርቅ ጠየቁ፤ ምክንያታቸው የቤተሰቡ ደኅንነት ነበር። የኅትመት እገዳው ለወራት ሲያከራክር ቆይቶ በማርች 2012 የአገሪቱ የበላይ የሆነው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይግባኙን ሳይቀበል ቀረ። በ2013 ሆፕ ከክሱ ወጣች። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የፍርድ ሒደቱ ሊጀመር ሲል ወይዘሮዋ ከባለአደራነት ለመልቀቅ ፈቀዱ፤ ማን ይተካ የሚለው ግን ሌላ ክርክር ሆነ። ዳኛ ፖል ብሬረተን በሜይ 28 ቀን 2015 ቢያንካን ሾሙ። በፍርዳቸውም እናትየዋ ቁጥጥሩን ላለመልቀቅ ከተለመደው እጅግ የራቀ መንገድ እንደሄዱና በልጆቻቸው ላይ ብርቱ ጫና እንዳሳደሩ አስፍረዋል።

አንባቢ እዚህ ላይ አበቃ ይላል። አላበቃም። አዲሷ ባለአደራ የትረስቱን ወረቀቶች ለመረከብ እንደገና ፍርድ ቤት መቆም ነበረባት፤ ስለ ሰነዶቹ ብቻ ራሱን የቻለ ውሳኔ የተሰጠው በ2018 ነው። በ2019 ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ ልጆቹ ቀደም ሲል በፈረሟቸው ውሎች ውስጥ ባለ የግልግል አንቀጽ ምክንያት፣ ውሎቹን በጫና ነው የፈረምናቸው የሚለው ክርክራቸው እንኳ በግልግል ዳኞች ፊት እንዲታይ ወሰነ። ግልግል እንደኛ ሽምግልና በዝግ ቤት ነው። የሆፕ ዳውንስ ማዕድን ባለቤትነት የተነሳበት ሌላው ክስ በፐርዝ በግልጽ ችሎት መሰማት የጀመረው በ2023 ነበር፤ ከደብዳቤው 12 ዓመት በኋላ።

ሕጉ ራሱ መልክ የያዘው ቀስ በቀስ ነው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ከመቶ ዓመት በፊት ተጠቃሚው የትረስቱን ሰነድ የሚያየው የራሱ ስለሆነ ነው ይሉ ነበር። በ1964 ሎንደንደሪ በተባለው ጉዳይ፣ ባለአደራ ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን የነሳበትን ምክንያት እንዲገልጽ አይገደድም ተባለ። በ1997 ዳኛ ሚሌት፣ ከየትኛውም ትረስት ተነቅሎ ሊወጣ የማይችል የግዴታ እምብርት አለ፤ ተጠቃሚው ባለአደራውን ሊያስገድድ ካልቻለ ትረስት የለም አሉ። በ2003 ከአይል ኦፍ ማን የመጣው የሽሚት ጉዳይ ደግሞ ነገሩን ለፍርድ ቤት ሰጠው፦ ማን ምን ይይ የሚለውን ዳኛው እየመዘነ ይወስናል። ለእኔ ሚዛን የሚደፋው የሚሌት ነው። ምክንያቱን መደበቅ አንዳንዴ ቤተሰብን ከጠብ ያድናል። ገቢና ወጪን መደበቅ ግን ማንንም ሲያድን አላየሁም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለቢሊየነሮች አዝኜ አይደለም። በአሜሪካ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ቤታቸውን በትረስት ስም እያዞሩ፣ ታላቁን ልጅ ባለአደራ እያደረጉ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ወጥ የትረስት ሕግ (Uniform Trust Code) የተባለውን ከየራሳቸው ማሻሻያ ጋር ተቀብለዋል። የሕጉ ሞዴል እንደሚለው፣ አባት ወይም እናት ሲሞቱና ትረስቱ የማይሻር ሲሆን ባለአደራው በ60 ቀን ውስጥ ትረስት መኖሩን ለተጠቃሚዎች ማሳወቅ አለበት፤ የሰነዱን ቅጂ ሲጠየቅ ይሰጣል፤ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜም ሒሳብ ያቀርባል። ታናሽ እህት “ወንድሜን አላምንህም ያልኩት ይመስለዋል” ብላ ዝም ትላለች። ሕጉ ግን የማመንና ያለማመን ነገር አላደረገውም። ደግ ወንድምም ያሳውቃል፤ ክፉም ያሳውቃል።

አገር ቤትም ቢሆን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 516 ጀምሮ ስለዚህ ዓይነት አደራ ይደነግጋል፤ ይሁንና ሰው እምብዛም አይጠቀምበትም። በየቤቱ የምናውቀው ሌላው መልኩ ነው፦ የውርስ አጣሪ የሆነው አጎት፣ የልጆቹ ሞግዚት የሆነችው አክስት። ሁለቱም በሕግ ሒሳብ አቅራቢ ናቸው። የአባት ተዝካር ከወጣ በኋላ የፊት ለፊቱን ሱቅ ኪራይ ታላቅ ወንድም ይቀበላል። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት። የሚጠይቅ የለም፤ “ጋሼን ኪራይ ቁጠር ልበለው?” ይባላል። በአምስተኛው ዓመት ጥያቄው ሲነሳ ደረሰኝ የለም፣ ተከራዩ ተቀይሯል፣ ጣሪያው የታደሰበት ብር ከኪራይ ይሁን ከጋሼ ኪስ የሚያስታውስ የለም። ያኔ ጋሼም ንጹሕ መሆኑን ማስረዳት አይችልም። ቀድሞ የተጠየቀ ሒሳብ ለእሱም ጋሻው ነበር።

ባለአደራ የሆናችሁ ዘመዶች፣ ሳትጠየቁ ጻፉ፤ ገቢውን፣ ወጪውን፣ የቀረውን፣ በዓመት አንድ ገጽ ይበቃል። ተጠቃሚ የሆናችሁ ደግሞ ሽማግሌ ከመላካችሁም ጠበቃ ከመያዛችሁም በፊት በአክብሮት በጽሑፍ ጠይቁ፦ የአደራውን ሰነድ ቅጂ፣ የንብረቱን ዝርዝር፣ የዓመቱን ገቢና ወጪ። ቀን ጻፉበት፤ አንዱን ቅጂ እናንተ ጋ አስቀሩ።