የምግብ ሰንሰለት በበቆሎ ማሳ

በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች ለምታስተምሩ የሳይንስ መምህራን፦ የምግብ ሰንሰለትን ለማስረዳት የአንበሳና የሜዳ አህያ ሥዕል የግድ አያስፈልግም። ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ቤት ከመዘጋቱ በፊት፣ በቆሎው አጥሩ ሥር በቅሏል።

ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ። ቅጠሉ የተበሳሳ፣ እምብርቱ ላይ እንደ ሰጋቱራ ያለ እዳሪ የተከማቸበት ተክል ፈልጉ። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምች እዚያ ውስጥ ይገኛል። አንዱን ከጥቂት አፈር ጋር አየር በሚያስገባ ግልጽ ብልቃጥ አኑሩት፤ በየቀኑ ትኩስ ቅጠል ስጡት። ፀረ ተባይ የተረጨ ማሳ ግን አትንኩ፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

ብዙውን ጊዜ መጨረሻው የእሳት እራት ነው። አንዳንዴ ግን ተምቹ ይሞትና አጠገቡ ትንሽ ነጭ ሽፋን ይታያል፤ ከዚያም ደቃቃ ተርብ ትወጣለች። ኮቴሲያ የሚባሉት ተርቦች እንቁላላቸውን ተምቹ ገላ ውስጥ ይጥላሉ፤ እጩም ከውስጥ እየበላው ያድጋል። ይህን በዓይኑ ያየ ልጅ ተርቧን ደግሞ ማን እንደሚበላት ሳትጠይቁት ይጠይቃችኋል። ለእኔ ከማንኛውም ፈተና የሚበልጠው ይህ ጥያቄ ነው።

ቀጥሎ በሰንሰለቱ የሚተላለፈውን ጉልበት በውሃ አሳዩ። በቆሎው 1 ሊትር ይሁን። ለተምቹ 100 ሚሊ ሊትር፣ ተምቹን ለምትበላው ወፍ 10፣ ለጭልፊቱ 1 ብቻ በሲሪንጅ ለኩ። ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚያልፈው 10 በመቶ ግምታዊ አማካይ መሆኑንም ንገሯቸው። ከዚያ ጭልፊት ከተምች በቁጥር ለምን እንደሚያንስ ጠይቁና መልሱን ራሳቸው እስኪያገኙት ታገሡ።