የራስ ምታትና የተሰወረው ቀዳዳ

ራስ ምታትን የማያውቅ ሰው የለም። ይሁን እንጂ ሰውየው ቆሞ ሲውል የሚጸናበት፣ ጋደም ሲል ግን የሚያርፍለት አንድ ልዩ ራስ ምታት አለ። ይህን የመሰለው ምልክት ከድካም ወይም ከሐሳብ ብዛት የመጣ ነው ተብሎ እንዲያው ሊታለፍ አይገባውም።

ምክንያቱን ለመረዳት አስቀድሞ የአንጎልን አቀማመጥ ማወቅ ያሻል። አንጎልና ሕብለ ሰረሰር እንደ ምንጭ ውኃ በጠራ ፈሳሽ ተከበው ይኖራሉ። የፈሳሹ መጠን በአዋቂ ሰው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በየቀኑም 500 ሚሊ ሊትር ገደማ እየመነጨ፣ ያንኑ ያህል ወደ ደም ይመለሳል። ፈሳሹን ያቀፈው ሽፋን በጀርባ በኩል ተቀድዶ ቢያፈስ፣ አንጎል ድጋፉን አጥቶ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ሕመሙም ከዚህ ይነሣል።

ጣራ ሲያፈስ ውኃው የሚንጠባጠብበትና ቀዳዳው ያለበት ሥፍራ ሁልጊዜ አንድ እንዳልሆነ ባለቤት ሁሉ ያውቃል። በዚህም ሕመም የሚታመመው ራስ ሲሆን፣ ቀዳዳው የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በአከርካሪ በኩል ነው። ስለዚህ ምርመራው በሁለት ደረጃ ይካሄዳል።

በመጀመሪያ ራስ በኤም አር አይ መሣሪያ ይነሣል። የአንጎል መዝቀጥ፣ የሽፋኑ መወፈርና የደም ሥሮች ማበጥ ፈሳሽ መጉደሉን ይመሰክራሉ። ነገር ግን ከአምስት በሽተኞች በአንዱ ገደማ ሥዕሉ ጤናማ መስሎ ስለሚታይ፣ ይህ ብቻውን በሽታው የለም አያሰኝም።

ቀጥሎ ቀዳዳው ይፈለጋል። አከርካሪው በኤም አር አይ ከታየ በኋላ፣ በራጂ የሚታይ መድኃኒት በወገብ በኩል ወደ ፈሳሹ ይገባና በሲቲ ስካን ወይም በተከታታይ ራጂ መንገዱ ይታያል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ደግሞ፣ ሐኪሙ ሺቪንክና ጓደኞቹ ፈሳሹ በቀጥታ ወደ ደም ሥር ሊያመልጥ እንደሚችል አስታወቁ። እንዲህ ያለው ፍሳሽ ውጭ ስለማይጠራቀም፣ በሽተኛውን በጎኑ አስተኝቶ በጥንቃቄ መመርመር ያስፈልጋል።

ቦታው ሲታወቅ የበሽተኛውን የራሱን ደም ከሽፋኑ ውጭ በመርፌ አስገብቶ ማሸግ፣ ካልሆነም በቀዶ ጥገና መድፈን ይቻላል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ተብሏል። ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ ራሴን ያመኛል ብለህ ብቻ አትቁም፤ ቆመህ ነው ወይስ ተጋድመህ የሚብስብህ፣ ይህንንም ጨምረህ ንገረው። ምርመራው የሚጀምረው ከዚህች አንዲት ቃል ነውና።