ስለ አሳማ ግልገሎች የአንጀት ጤንነትና ለበጎ ጀርሞች ስለሚሰጥ መኖ

በዚህ ወር የምናነሣው ጉዳይ የአሳማ ግልገል አመጋገብ ነው። አብዛኛው የአገራችን ሕዝብ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ የአሳማ ሥጋ የማይበላ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚል አንባቢ አይታጣም። አሳማ አርቡ ለማለት አይደለም። በአሳማ በረት ውስጥ ያለ አግባብ የሚሰጥ መድኃኒት በሰው ሐኪም እጅ ያለውን መድኃኒት ኃይል ያሳጣልና፣ ይህን ለመከላከል በአውሮፓ ምን እንደ ተደረገ ለማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአሳማ ግልገል በተፈጥሮው ጡት የሚተወው ቀስ በቀስ፣ በ3 ወይም በ4 ወሩ ገደማ ነው። በአውሮፓ የእርባታ ስፍራዎች ግን ብዙውን ጊዜ በ3 ወይም በ4 ሳምንቱ በአንድ ቀን ከእናቱ ይለያል። በዚያው ቀን ወደ ሌላ በረት ይዛወራል፤ ከማያውቃቸው ግልገሎች ጋራ ይቀላቀላል፤ ወተቱም ቀርቶ የገብስና የስንዴ መኖ ይቀርብለታል። ሳይበላ የሚውለው ብዙ ነው። በቀጭኑ አንጀቱ ውስጥ ምግብን ወደ ደም የሚያሳልፉት ጣት መሰል ጥቃቅን ቅጥያዎች በዚህ ጊዜ ያጥራሉ፤ ጨጓራውም ገና በቂ አሲድ አያመነጭም። በዚህ መካከል ኤሼሪሺያ ኮላይ ከሚባሉት ጀርሞች ክፉዎቹ በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው መርዛቸውን ያፈሳሉ። ተቅማጥ ይነሣል፤ ግልገሉም የሰውነቱ ውኃ አልቆ ይሞታል፣ ወይም ከስቶ ይቀራል።

ለብዙ ዘመን የነበረው መፍትሔ ለታመመውም ላልታመመውም በየቀኑ መኖ ውስጥ ጥቂት ጥቂት አንቲባዮቲክ መጨመር ነበር። ግልገሉ ፈጥኖ ያድጋል፤ አርቢው ይደሰታል። ዳሩ ግን ጥቂት መድኃኒት ዘወትር በሚደርስበት ስፍራ ደካማው ጀርም ይሞትና መድኃኒቱን የሚቋቋመው ብቻ ተርፎ ይራባል። አቮፓርሲን የተባለው የመኖ መድኃኒት ለዚህ ምስክር ነው። በሆስፒታል ለጽኑ ሕመምተኛ ከሚሰጠው ከቫንኮማይሲን ጋራ በአሠራሩ ዘመድ ስለ ሆነ፣ አንዱን የሚቋቋም ጀርም ሌላውንም ይቋቋማል። ስዊድን ለእድገት ተብሎ የሚሰጠውን አንቲባዮቲክ ከሁሉ ቀድማ በ1986 ከለከለች፤ ዴንማርክ አቮፓርሲንን በ1995 አገደች፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2006 ጀምሮ ደግሞ ክልከላው በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ ጸና። ይሁን እንጂ በዴንማርክ መድኃኒቱ ከመኖው በወጣ ጊዜ ጡት የተዉት ግልገሎች ተቅማጥ በርትቶ፣ ለሕክምና የሚሰጠው መድኃኒት ለጊዜው ጨምሮ ነበር። በምትኩ ብዙዎች የተጠቀሙበት ዚንክ ኦክሳይድም በእበት አድርጎ ወደ እርሻ መሬት ስለሚገባ፣ ተቅማጥን ለመከላከል በብዛት መስጠቱ በ2022 ቀረ።

እንግዲህ ክፉውን ጀርም ከመግደል ይልቅ በጎውን መመገብ ይሻላል የሚለው አሳብ የመጣው ከዚህ ነው። በ1995 ግሌን ጊብሰንና ማርሴል ሮበርፍሮይድ የተባሉ ሊቃውንት ለዚህ ዓይነቱ ምግብ ፕሪባዮቲክ የሚል ስም አወጡለት። ፕሪባዮቲክ ራሱ ጀርም አይደለም። እንስሳው ሊፈጨው የማይችል የስኳር ሰንሰለት ነው፤ ሳይፈጭ ወደ ደንዳኔ ይወርድና በዚያ ያሉት በጎ ጀርሞች ያብላሉታል። ከመብላላቱ የሚወጣው አሲድ ለብዙዎቹ ክፉ ጀርሞች አይስማማም፤ ከአሲዶቹም አንዱ ቡቲሬት ለአንጀቱ ግድግዳ ቀለብ ይሆናል።

ነገሩ አዲስ ጥበብ አይምሰለን። በእናት ወተት ውስጥ ከላክቶስና ከቅባት ቀጥሎ በብዛት የሚገኘው ሕፃኑ ራሱ የማይፈጨው ይኸው የስኳር ሰንሰለት ነው፤ የሚመግበውም በሕፃኑ አንጀት ያሉትን በጎ ጀርሞች ነው። ጡጦ ለማቅረብ የምትቸኩል እናት ይህን ብታውቅ መልካም ነው።

ለአሳማ ከሚሰጡት አንዱ ኢኑሊን ነው፤ በቤልጅግና በሆላንድ ቺኮሪ ከሚባል ተክል ሥር ይወጣል። (አውሮፓውያን ይህንኑ ሥር ቆልተው ቡና ያስመስሉታል፤ ለቡና አገር ሰው የሚስማማ አይደለም።) ሁለተኛው ከእርሾ ቅርፊት የሚገኘው ማናን ነው። አንዳንድ ጀርሞች ከአንጀት ግድግዳ ጋራ የሚጣበቁት በዚያ ያለውን ማኖዝ የተባለ ስኳር ይዘው ነው፤ ማናኑን ሲያገኙ ግን እርሱን ይዘው ከእበት ጋራ ይወጣሉ ተብሎ ይታሰባል።

ውጤቱ ግን በየስፍራው አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዱ በረት ግልገሎቹ ሲወፍሩ በሌላው ምንም ለውጥ አይታይም፤ ሲበዛም ሆድ ይነፋል፣ እበቱንም ያቀጥናል። በእኛ አስተያየት የመኖ ነጋዴዎች ከሚናገሩለት ያነሰ፣ ተጠራጣሪዎች ከሚሉት ግን የበለጠ ዋጋ አለው። ወለሉ ባልታጠበና ባልደረቀ በረት ግን ብቻውን አያድንም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብም ግልገል ከ28 ቀን በፊት ከእናቱ እንዳይለይ ያዛል፤ በ21 ቀን መለየት የሚፈቀደው ሌሎች ግልገሎች ወጥተውለት ፈጽሞ ወደ ጸዳ ልዩ በረት ለሚገባው ብቻ ነው።