መኪና ስንሳፈር ሕይወት የሚያድኑ ነገሮች

ከካምፕ ወደ ገዳሪፍ ወይም ወደ ከሰላ ስንሄድ የምንሳፈረው ባገኘነው ነው። ሲገኝ በአውቶቡስ ወይም በሃይስ፣ ካልሆነም በቦክስ ጭነት ላይ። ከፖርት ሱዳን ተነስቶ በከሰላና በገዳሪፍ አድርጎ ወደ ካርቱም የሚሄደው አስፋልት ደግሞ ከባድ መኪና የሚመላለስበት ነው። ታዲያ መኪናው ውስጥ ሕይወት የሚያድን ነገር እያለ «ቅርብ ነው፣ ምን ይመጣል?» እያልን ሳንጠቀምበት እንቀራለን።

ነገሩ ልጆቻችን በፊዚክስ የሚማሩት ነው። በእንቅስቃሴ ላይ ያለ አካል የሚያስቆመው ኃይል ካላገኘ ጉዞውን ይቀጥላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ድንገት ሲቆም፣ ውስጡ ያለው ሰው በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት ይወረወራል። ይህ ከ10 ሜትር ያህል ከፍታ እንደ መውደቅ ነው። «ልጄን አጥብቄ እይዛለሁ» ማለትም አይሠራም። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት ሁለት ኩንታል ማሽላ ያህል ይከብዳል። ማን ችሎ ይይዘዋል?

ትከሻንና ወገብን የሚይዘውን የዛሬውን ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 የሠራው ኒልስ ቦህሊን የተባለ የስዊድኑ ቮልቮ ኩባንያ መሐንዲስ ነው። ኩባንያውም ሌሎች ፋብሪካዎች እንዲሠሩበት ፈቀደ። ቀበቶው ሰውየውን ከወንበሩ ጋር ይይዘዋል፣ የግጭቱንም ኃይል ጠንካራ ወደሆኑት የደረትና የዳሌ አጥንቶች ያከፋፍላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከፊት የተቀመጠ ሰው ቀበቶ ካሰረ የመሞት አደጋው እስከ 50 በመቶ ይቀንሳል።

ኤርባግ ደግሞ በግጭት ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ፍጥነት የሚነፋ ከረጢት ነው። ቀበቶን ግን አይተካም። ያልታሰረ ሰው ወይም ሕፃን ቀርቦ ካገኘው ራሱ ይጎዳዋል። የወንበሩ ራስ መደገፊያ መኪናው ከኋላ ሲመታ አንገትን ይጠብቃል። ኤቢኤስ የሚባለው ፍሬን ደግሞ ጎማው እንዳይቆለፍ ስለሚያደርግ ሾፌሩ መሪውን ማዞር ይችላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ቀበቶ ካለ ከኋላም ብንቀመጥ እንሰር። ከኋላ ያለው ካልታሰረ ከፊት ያለውን ሄዶ ይመታዋል።
2. ልጆችን ከኋላ እናስቀምጥ። እናትና ልጅ በአንድ ቀበቶ አይታሰሩ፤ የእናትየው ክብደት ልጁን ይጨፈልቀዋል።
3. ነፍሰ ጡር እህቶቻችን የታችኛውን ቀበቶ ከሆድ በታች፣ ዳሌ ላይ ያድርጉት።
4. ቦክስ ላይ ቀበቶ የለም። ስለዚህ ከጭነት ጫፍና ከጠርዝ ላይ አንቀመጥ፣ ልጆችንም ወለሉ ላይ መሀል እናድርጋቸው።
5. ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ሾፌሩ ሲበር ዝም አንበል። ሽማግሌ ቢናገረው ይሰማል፤ «ሽወያ ሽወያ» ማለት ነውር የለውም።

ዘግይቶ መድረስ ከመቅረት ይሻላል። በሰላም ያግባን።