ልቡ ደኅና፣ ደረቱ ለምን ያማል?

ፔስሜከር (የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ) የተገጠመለት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ የልቡ ምት ተስተካክሏል። ቤቱ ገብቶ ሸሚዙን ሲያወልቅ ግን ከግራ ትከሻው ዝቅ ብሎ ከክብሪት ቀፎ ያነሰ እብጠት ያያል። ሲያስል ይወጋዋል፤ በዚያ ጎኑ ሲገላበጥ ይጎትተዋል። ሁለት ሳምንት አልፎም ካልለቀቀው እሱ «ልቤ ነው» ይላል፤ ቤተሰቡ ደግሞ «ብርድ መትቶት ነው» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም አይደለም።

መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው ልብ ውስጥ አይደለም። ሐኪሙ ቆዳውን ሰንጥቆ፣ ስቡን ከደረት ጡንቻው ላይ ፈልቅቆ ትንሽ ኪስ ያበጃል፤ በደም ሥር አልፎ ልብ የሚደርሰው ቀጭን ሽቦ ነው። የቆሰለው እንግዲህ ደረቱ ነው። የተነኩት የቆዳ ነርቮች የሚያገግሙት ቀስ ብለው ስለሆነ ቦታው ይደነዝዛል፣ ያቃጥላል፤ አንዳንዴ የሸሚዝ ንክኪ እንኳ ያስቆጣዋል። አእምሮም ይሳሳታል፦ የልብና የደረት ነርቮች ወደ ኅብለ ሰረሰር የሚገቡት በተቀራረበ ቦታ ነውና የጡንቻው ስሞታ በልብ ስም ይደርሰዋል።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ትከሻው ነው። ሽቦው ቦታውን እንዳይለቅ «ክንድህን ከትከሻ በላይ አታንሳ» የሚባለው ለጥቂት ሳምንታት ነው። በሽተኛው «ፈጽሞ አታንቀሳቅስ» የተባለ ይመስለውና እጁ እንደተሰበረ ሰው ክንዱን ደረቱ ላይ አጣብቆ ይከርማል። ትከሻው ይደርቃል፤ የደረቀ ትከሻ ደግሞ ደረቱን ይስባል። በመጨረሻ ፀጉሩን ማበጠር ሲያቅተው የሚወቀሰው መሣሪያው ነው። ሐኪም ካልከለከለ፣ ከትከሻ በታች ክንድን ማንቀሳቀስ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ቁስሉ ድሮ ይብስ ነበር። ፔስሜከር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አካል ውስጥ የተቀበረው በ1958 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ነበር። የመጀመሪያው ታካሚ አርኔ ላርሰን ደረቱ ተከፍቶ የተገጠመለት መሣሪያ በሰዓታት ውስጥ ቢበላሽም፣ ሰውየው 26 መሣሪያ እየቀያየረ እስከ 2001 ኖሯል። ዛሬ ብዙውን ጊዜ ደረት መክፈት አያስፈልግም።

ወደ ሕመሙ ስንመለስ፣ በጣት ሲጫኑት «እዚች ጋ» የሚባል ሕመም በአብዛኛው የቆዳና የጡንቻ ነው። ለቆ የነበረ ሕመም ከተመለሰ፣ ኪሱ ከቀላ፣ ከጋለ ወይም ፈሳሽ ካወጣ ግን ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከወራት በኋላም ያጋጥማል። ከልብ ምት ጋር እኩል የሚሄድ ስቅታ ሽቦው መንቀሳቀሱን ሊያመለክት ይችላል። ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ራስዎን ከሳቱ ቀጠሮ አይጠብቁ። ኪሱን ደግሞ እባክዎ በወጌሻ አያሳሹት።